በሰም የታሸገችው ካሴት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ዓምና በገና ሰሞን ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኔ ግን ዛሬም አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ስልኩን አውጥቶ ስብከት ሲከፍት ከተቀመጥኩበት ብድግ እላለሁ። የሚያዩኝ ሰዎች እግሯን ደንዝዟት ነው ይላሉ። እኔ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። የሰዎቹን ስም ቀይሬዋለሁ፣ የራሴንም ትቼዋለሁ። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ስለሆነ ነገሩን እንደሆነው ከሥሩ ጀምሬ ነው የምነግራችሁ።

የምኖረው ላሊበላ ነው። ጧፍ እሠራለሁ። ክሩን ሰም እያጠጣሁ፣ እያሸሁ፣ ለመጪው ምእመን መንገድ ዳር እሸጣለሁ። ባሌ ታከለ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ያለኝ አንድ ልጅ ነው፣ በሪሁን ይባላል። ከላሊበላ ተነስቶ በጋሸናና በኮን አድርጎ ፍላቂት በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነው።

እኛ ድሮ የላሊበላ ሰዎች አልነበርንም። የኮን ገጠር ሰዎች ነበርን። ለምን ለቀን እንደመጣን ልጄ አያውቅም ነበር። "መሬት ጠቦን ነው" እያልን ነው ያሳደግነው።

እውነቱ ሌላ ነው። በሪሁን የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ባሌ ከጎረቤታችን ከአዱኛ ጋር በእርሻ ወሰን ተጣላ። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ባሌ በዱላ መታው። አንድ ጊዜ ነው የመታው። አዱኛ በሦስተኛው ቀን ሞተ።

እኛ ዘንድ መንግሥት ቢፈርድም ደም በፍርድ ብቻ አይደርቅም፤ በእርቅ ነው የሚደርቀው። ደም አድራቂ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። አባም መጡ። አባ የምላቸው ሰባኪ መነኩሴ ናቸው፤ በላስታም በዋድላም ዞረው ያላስተማሩበት ደብር አልነበረም። ባሌ በወጉ ፊቱን ተሸፍኖ፣ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ የሟች ቤተሰብ ፊት በግንባሩ ተደፋ። እኔም ከኋላው ተደፋሁ። አባ ነገሩን ከሥሩ አንስተው፣ ማን ማንን እንደመታ፣ በየትኛው ማሳ ላይ እንደሆነ፣ ስም እየጠሩ ሰበኩ። የእርቅ ስብከት እንዲህ ነው። ቁስሉ ካልተገለጠ አይደርቅም ይላሉ። እሳቸው ሲጨርሱ የአዱኛ ሚስት አልጣሽ ቃሏን ሰጠች።

የአባ ደቀ መዝሙር ስብከታቸውን ሁሉ በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ቴፕ ይቀዳ ነበር። ያንንም ቀዳው። ሽማግሌዎቹ ካሴቷን ለባሌ ሰጡት። "እኛ ነገ እናልፋለን፤ እርቅ አልነበረም የሚል ቢመጣ ምስክርህ ይህች ናት" አሉት።

አልጣሽ ቃሏን ሰጥታ ስታበቃ፣ ቴፑ ገና እየቀዳ፣ አባ መስቀላቸውን አንስተው ገዝተው ነበር። "ከዛሬ ወዲያ ይህን ነገር ያነሳ፣ ለልጅ ያወራ፣ እንደ አርዮስ የተለየ ይሁን" አሉ። ይህን የለመነችው አልጣሽ ናት። ልጇ ደሳለ ገና ጡት ላይ ነበር። ደም መላሽ ሆኖ እንዲያድግባት አልፈለገችም። አባትህ ታሞ ሞተ ብላ ልታሳድገው ነው።

ባሌ እርቁ ሲያልቅ እጁን ለመንግሥት ሰጠ። አምስት ዓመት ታሰረ። ለበሪሁን "አባትህ ሁመራ ለሥራ ሄዷል" አልኩት። ካሴቷን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ በሰም አሸግኋት፤ አገር ለቀን ስንመጣም በእቅፌ ነው ያመጣኋት። ከዚያ ወዲያ ሃያ ዓመት ያቺን እሽግ አልነካኋትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከገናው በፊት በነበረው ፍልሰታ ዲያቆን ኪሮስ ቤቴ መጣ። ኪሮስ የባሌ የክርስትና ልጅ ነው። ወላጆቹ ከጥሉ በፊት ከኮን ወደ ላሊበላ ገብተው ስለነበር የባሌን ነገር አልሰማም፤ እኛ ስንመጣ ከቤቴ ሞሰብ በልቶ ያደገ ነው። ባሌ ሲሞት ከልጄ እኩል ጥቁር ለብሷል። አሁን ሠላሳን ዘልሎ ሰንበት ትምህርት ቤቱን የሚመራው እሱ ነው።

"እቴቴ፣ የአባን ካሴቶች የት አደረግሻቸው?" አለኝ ገና ሳይቀመጥ።

"ካርቶን ውስጥ ናቸው። ምነው?"

"ሊሞቱብን ነው። ሻጋታ እየበላቸው ነው። የድሮ አባቶችን ስብከት ሰብስበን ኢንተርኔት ላይ ልናኖር ነው። የስንቱ ሊቅ ድምፅ እንደ ጉም በኖ ቀረ! የዛሬ ልጅ የአባን ስም እንኳ አያውቅም።"

አባ ካረፉ ቆይተዋል። ባሌ ካሴቶቻቸውን ሲሰበስብ ነው የኖረው። ቴፓችን ከተበላሸ ወዲህ ድምፃቸውን አልሰማሁም ነበር። እንባዬ መጣ። ካርቶኑን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁለት። አንድ በአንድ እያነሳ ጽሑፉን እያነበበልኝ ወደ ቦርሳው ሲከት፣ ከሥር በሰም የታሸገችዋን አገኛት።

"ይህችስ?"

"እሷን ተዋት።"

"ምንድን ናት?"

ነገርኩት። ለማንም ያልተነፈስኩትን፣ ልጄ እንኳ የማያውቀውን ነገርኩት። ግዝቱን መጀመሪያ የጣስኩት እኔ ነኝ፣ ይህን አልክድም። ሃያ ዓመት አፍ ይዞ መኖር ይከብዳል። ኪሮስ ደግሞ የባሌ የክርስትና ልጅ ነው፣ ባዳ አልመሰለኝም። እየሰማኝ ዓይኑ እንባ ሞላ። ባየሁት ጊዜ፣ እግዚአብሔር ሸክሜን የሚካፈል ሰው ላከልኝ አልኩ።

"እቴቴ" አለ፣ "ሰም እኮ ካሴት አያድንም። ውስጥ ያለው ክር ይበሰብሳል። ከሽማግሌዎቹ ስንቶቹ አሉ?"

ያሉት አንድ ናቸው። እሳቸውም ጆሯቸው አይሰማም፤ ነገር ይስታሉ።

"እንግዲያ ካሴቷ ስትሞት እርቁም ምስክር አጣ። ለበሪሁን ነገ ማን ይመሰክርለታል?"

በልጄ መጣብኝ።

"ከሌሎቹ ጋር አትወጣም። እኔው ብቻዬን እቀዳታለሁ፤ ለቤተ ክርስቲያን ተቆልፋ ትቀመጣለች" አለኝ።

"ማልልኝ" አልኩት።

ማዕተቡን በሁለት ጣቱ ይዞ ከአንገቱ ሳብ አደረገና "አባባ ታከለ ባሰረልኝ ማዕተብ!" አለ። እውነት ነው፤ ክርስትና ሲነሳ ያንን ክር ያሰረለት ባሌ ነው። ከዚህ በላይ ምን መሐላ አለ? ሰጠሁት።

ስህተቴ የገባኝ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ነገር ዕቃ ቤት ይገባል። የስለት ጥላ ይሁን፣ መጽሐፍ ይሁን፣ ቁልፉ በቄሰ ገበዙ እጅ ነው። ለዓመት በዓል ካልሆነ ፀሐይ አያየውም። አንዳንዱንማ የሰጠው ሰው ራሱ ዳግመኛ ሳያየው ይሞታል። እኔ ኢንተርኔቱንም እንደዚያ ነው ያሰብኩት። ቁልፍ ያለው፣ ጠባቂ ያለው ዕቃ ቤት አድርጌ ነው ያየሁት። ካሴቷ ከቤቴ ስትወጣ እንዲያውም ቀለለኝ፤ ያን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ገና ሲቃረብ ከተማው በእንግዳ ሞላ። እኔም ከማለዳ ጀምሮ ጧፌን ዘርግቼ ነው የምውለው። በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ሁለት ሴቶችና አንድ ሽማግሌ እኔው አጠገብ መጥተው ዐረፉ። ከፍላቂት በኩል እንደመጡ ከጨዋታቸው ሰማሁ። እግራቸውን እያሹ ሳለ አንደኛዋ ስልኳን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ከፈተች።

የአባ ድምፅ ነበር።

ደስታዬን በምን ልንገራችሁ! "አባ!" ብዬ ጮህኩ።

"ያውቋቸዋል እንዴ?" አለችኝ ባለስልኳ።

"እንዴት አላውቃቸውም! ቤቴ ገብተው እህል ውሃ የቀመሱ አባት ናቸው" ብዬ ለሦስቱም ጧፍ በነጻ ሰጠኋቸው። መረቁኝ። ኪሮስንም በልቤ መረቅሁት። አባ ያስላሉ፣ ይቆማሉ፣ ይቀጥላሉ። ድሮ እንደማውቃቸው ናቸው።

ከዚያ አባ "ታከለ" አሉ።

የባሌን ስም ከነአባቱ ጠሩት። ማሳውን ጠሩት። ዱላው የወይራ እንደነበር እንኳ ተናገሩ። እጄ ላይ የነበረው ጧፍ ተሰበረ። ቀጥሎ አንዲት ሴት "እግራችሁ ላይ ወድቄያለሁ" እያለች ስትጮህ ተሰማ። እኔ ነኝ።

ሴቶቹ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። አባ በመጨረሻ "እንግዲህ ቃሉ የአልጣሽ ነው፤ እስቲ ልጄ ተናገሪ" አሉ። ቋ አለና ቆመ።

"ውይ! እዚህች ላይ ሁልጊዜ ትቆረጥብኛለች" አለች ባለስልኳ።

"መቼስ ይቅር ብላዋለች" አለች ሁለተኛዋ።

"በምን አወቅሽ? እኔ ብሆን አልልም!"

"አንቺማ ዶሮሽን የበላውን ውሻ እንኳ ይቅር አላልሽ!"

ተሳሳቁ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። "ይቅር ብላ ቢሆን ኖሮ ያሰሙን ነበር" አሉ ከዘራቸውን መሬት ላይ እየቆረቆሩ። "አለማለቷ ነው የተቆረጠው። ልጁ አድጓል፣ እናውቀዋለን። ደም ዝም ብሎ የሚቀር መስሏችኋል?"

ጧፌን እንደተዘረጋ ትቼ ተነሳሁ። "እናት፣ ዕቃዎን!" እያሉ ከኋላዬ ሲጣሩ ይሰማኛል። አልዞርኩም።

ኪሮስን ሰንበት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ አገኘሁት። ግድግዳው ላይ የአባ ፎቶግራፍ በትልቁ ተሰቅሏል።

"እቴቴ! ምነው ፊትሽ?"

"ታከለን አገር ምድሩ እየሰማው ነው" አልኩት።

አንገቱን ደፋ። "ላስረዳሽ። መጀመሪያ ሐሳቤ አልነበረም። ግን ስሰማው፣ አባ እንዲህ ያለ ስብከት ሌላ ቦታ አልሰበኩም። ከሁሉም በላይ የተሰማው እሱ ነው። ደም የተቃቡ ሰዎች ሰምተውት ታርቀዋል፤ ደውለው ነግረውናል። እቴቴ፣ አንቺ አንድ ቤት ነሽ። ይህ ለአገር ነው።"

"ምለህልኝ ነበር።"

"ለብዙ ነፍስ የሚጠቅም ነገር ሲመጣ መሐላ አያስርም።"

እንዲህ አለኝ። ያሳደግኩት ልጅ ቤተ ክርስቲያን ቁጭ ብሎ በተማረው ቃል አፌን ዘጋኝ። እኔ ሦስተኛ ክፍል ነኝ፣ ምን ብዬ ልመልስለት? ግን አንድ ነገር አንገበገበኝ።

"ሁለተኛውን ፊትስ ለምን ተውከው?"

"የምን ሁለተኛ ፊት?"

"አልጣሽ ይቅር ያለችበትን!"

ኪሮስ ዓይኑን አፈጠጠ። "ባዶ አይደለም እንዴ? ምንም አልተጻፈበትም እኮ።"

ቴፑን ገልብጦ እንኳ አላየም። ገዳይ ብሎ ባሌን ለአገር ሰጥቶ፣ ይቅርታውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል። ምሎ መካዱ አንድ ነገር ነው። ሲክደኝ እንኳ እስከ መጨረሻው ለመስማት አለመድከሙ ነው የበለጠ ያቃጠለኝ።

ካሴቷን ከመሳቢያው አወጣት። ሰሟን በቢላ ፍቆ ቁጥር ለጥፎባታል። ተቀበልኩትና "አጥፋው" አልኩት። የሆነ ነገር ተጫነ። "ጠፍቷል" አለ። "ግን ከሰው ስልክ ላይ ማጥፋት አልችልም እቴቴ" አለኝ።

የተበተነ ጤፍ ማን ይለቅመዋል?

ለልጄ ደወልኩ። አያነሳም። ያን ቀን ፍላቂት ነበር የሄደው። ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይቋረጣል። ከመናኸሪያው በር ቆሜ የገባውን መኪና ሁሉ አየሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በሪሁን ከሚኒባሱ ወረደ። አየኝ፤ ሰላም አላለኝም። ቀድሞኝ ወደ ቤት ሄደ።

ቤት ገብተን መደብ ላይ ተቀመጠ።

"እማዬ፣ መኪናው ውስጥ ሲጫወት ነበር" አለ። "ሾፌሩ ነው የከፈተው። ስሙ ሲጠራ መጀመሪያ ሌላ ታከለ መሰለኝ። ቀጥሎ አንቺ ስታለቅሺ ሰማሁ። ያንቺን ልቅሶ አላጣውም።"

ጧፍ አበራሁ።

"ተሳፋሪው 'ጨካኝ፣ አረመኔ' እያለ ይሰድበዋል፤ እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ። ሁመራ ሄደ ያልሽኝ እስር ቤት ነበር?"

"አዎ።"

"የአልጣሽን ልጅ፣ ደሳለ አዱኛን አውቀዋለሁ እኮ! ስንት ጊዜ ገብሱን ጭኜለታለሁ። 'የኔ ወንድም' ነው የሚለኝ። አውቆ ቢሆንስ? ሳላውቅ በየቀኑ ደጁ ላይ ታሳልፊኛለሽ?"

ግዝቱን ነገርኩት፤ የአልጣሽን ልመና ነገርኩት። "ታዲያ ለኪሮስ ስትነግሪው ግዝቱ የት ሄዶ ነበር?" አለኝ።   ኪሮስ እኔን ከዳኝ እላለሁ፤ ልጄ ደግሞ እኔ እሱን እንደከዳሁት ነው የሚያየው።

ሥራውን አስተውኩት። ወደ ላይ አሸተን ማርያም ላክሁት፤ መነኮሳቱ ዘንድ ይሰንብት ብዬ። ለማንም አልተናገርኩም። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ወልድያ ሄዷል አልኩ።

በዓሉ አልፎ እንግዳው ከተመለሰ በኋላ፣ በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ቤቴ በር ላይ ሆኜ ክር ስፈትል ጥላ ወደቀብኝ። ቀና ስል አንድ ረጅም ወጣት ቆሟል። ጋቢ ለብሷል፣ ዱላ ይዟል። ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አዱኛ ራሱ ከመቃብር የተነሳ ነው የመሰለኝ።

"እንደምን ዋሉ እናቴ። የአቶ ታከለ ቤት ይኸ ነው?"

"ነው" አልኩ። 

"ልጅዎ የለም?"

"የለም። ወልድያ ነው።"

ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ ዓይኔ ከዱላው ላይ አልነሳ አለኝ። የወይራ ነበር።

"አንድ ነገር ልጠይቅ ነው የመጣሁት" አለ። "እናቴ ምን አለች?"

"እናትህን አልጠየቅሃትም?"

"ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው። አባቴ ታሞ ነው የሞተው ብላኝ ነው የሄደች። አሁን ገበያ ስወጣ ሰው ሁሉ 'እናትህ ምን አለች?' ይለኛል። አንዱ 'አንተስ ምን ትላለህ?' ይላል። አንዱማ ሰው መሀል 'እንዝርት ልግዛልህ?' አለኝ።"

እኛ አገር ወንድን ከዚህ በላይ የሚያዋርድ ነገር የለም። ጣቴ ላይ ያለውን እንዝርት አይቶ ፊቱን አዞረ። እኔም እንዝርቴን ቀሚሴ ሥር ደበቅሁት።

"ይቅር ብላለች" አልኩት። "በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

"እርስዎማ እንዲያ ይላሉ" አለ። አልተቆጣም፤ ዝም ብሎ ነው ያለው። እውነቱን ነው። የገዳይ ሚስት ሌላ ምን ትላለች?

ካሴቷን ከጉያዬ አወጣሁ። ከኪሮስ ከተቀበልኩ ወዲህ ከላዬ አልለየኋትም። ገበያ ዳር አሮጌ ራዲዮ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አሉ። ተያይዘን ሄድን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።  ካሴቷ ብትበላሽስ? ክሩ ቢበጠስስ? ያቺ ቀጭን ክር የልጄ ነፍስ ናት፤ እመቤቴን እየለመንኩ ነው የሄድኩት።

አዛውንቱ የካሴቷን ክር በእርሳስ አጥብቀው፣ የቴፓቸውን ማንበቢያ በጨርቅ ጠርገው፣ ገልብጠው ከተቷት። መጀመሪያ ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ቀጥሎ አልጣሽ መጣች።

"እኔ ባሌን ቀብሬያለሁ" አለች። "ይህንን ሰው ባስቀብረው ያቺ ሴትዮ እንደኔ ትሆናለች እንጂ እኔ እንደ ድሮዬ አልሆንም። ደሙን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ። ድንጋዩን አውርዱለት።"

ደሳለ አልተንቀሳቀሰም።

ከድምፅዋ ሥር ሕፃን ያለቅሳል። እሷ ትናገራለች፣ ሕፃኑ ይጮሃል፣ "እሽሽ" ትለዋለች፣ ትቀጥላለች።

"ማነው የሚያለቅሰው?" አለኝ።

"አንተ ነህ" አልኩት።

ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበው። አዛውንቱ ራዲዮ የሚፈቱ መስለው ጀርባቸውን ሰጡን። አልጣሽ ልትጨርስ ስትል፣ "ይህ ልጅ አድጎ የሰው አፍ ቢነግረው፣ የኔን ቃል ቀድሞ ይስማ" አለች። ከዚያ እልልታ፣ ከዚያ የአባ ግዝት፣ ከዚያ አለቀ።

ቀድሞ አልሰማም። ኪሮስ የሰው አፍ አስቀድሞበታል።

ደሳለ ካሴቷን ራሱ አወጣት። "ይህችን እኔ ልያዛት?" አለ።

 ያቺ ካሴት ከሌለች ልጄ ምስክር የለውም። ሽማግሌ የለ፣ አባ የሉ፣ አልጣሽ የለች። ምስክሬን ለራሱ ለባለደሙ ልስጥ? ግን የናቱ ድምፅ ነው። እምቢ ብለው ከኪሮስ በምን እሻላለሁ?

"ያዛት" አልኩት።

በጋቢው ጫፍ ቋጠራት። ይቅር አለ አልልም። አላለም፤ ግን አልዛተም። ከቤቴ ደጃፍ ድረስ ተመልሶ ዱላውን አነሳ። ጥቂት ከሄደ በኋላ ዞር አለና፣

"ልጅዎን ከአሸተን ያውርዱት። እዚያ ብርዱ ክፉ ነው" አለኝ።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከማን እንደሰማ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከጥምቀት በኋላ ኪሮስ ጧፍ የምሸጥበት ድረስ መጣ። ይቅርታ ሊል መስሎኝ ሆዴ ራርቶ ነበር። የሚቀመጥበት ድንጋይ እንኳ ጠረግሁለት።

"እቴቴ፣ ያ ሁለተኛው ፊት…" አለ። "ሰው መጨረሻውን አምጡ እያለ አስጨንቆናል። ብናወጣው ላንቺም ይጠቅምሻል እኮ፤ አባባ ታከለ ይቅር መባሉን ሰው ሁሉ ይሰማል።"

"ባለቤቱ ወስዶታል" አልኩት።

"የቱ ባለቤት?"

"ጡት ላይ የነበረው።"

 ጧፍ የሚገዙ ሰዎች መጡ፣ ወደነሱ ዞርኩ። ስዞር ሄዷል።

ምናልባት እውነቱን ይሆናል፤ ቢወጣ ይጠቅመኝ ነበር ይሆናል። ግን አሁን ቃሉ የደሳለ ነው። እሱ ዝም ካለ እኔም ዝም እላለሁ። ይህንን የጻፍኩትም የንስሐ አባቴን አማክሬ፣ የተሰጠኝን ቀኖና ጨርሼ ነው።

በሪሁን ወደዚያው መንገድ ተመልሷል፤ እኔ ብለምነው እምቢ ብሎ ነው። በየቀኑ ጋሸና ሲደርስ ይደውልልኛል። አንድ ቀን "ዛሬ ደሳለ ተሳፍሮ ነበር" አለኝ። "ምን አለህ?" ስለው፣ "ምንም። ገብሱን ጫንኩለት፣ ፍላቂት ወረደ" አለኝ። ይኸው ነው። እኔ እስኪገባ ድረስ በር በሩን ሳይ እውላለሁ።

ደሳለን እፈራዋለሁ፣ አልዋሽም። ግን እሱ የማለልኝ ነገር የለም፣ ያፈረሰብኝም የለም። በሰንበት ቅዳሴ ሲወጣ ኪሮስ በፊቴ ያልፋል። ሰው ሁሉ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይለዋል። እኔ የማየው አንገቱን ነው። ባሌ ያሰረለት ማዕተብ እንዳለ ነው።